ሰርቪስ

ካዛንቺስ ላደግን ልጆች «ሰርቪስ» ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ቤት ነው። ከቪላው ጀርባ አጥር ተደግፋ የተሠራች፣ ጣሪያዋ ወደ አንድ ወገን የተደፋ፣ ሁለት ወይም ሦስት በር ያላት ጠባብ ቤት። ትምህርት ቤት ስንገባ ቃሉ ጠዋት በር ላይ ክላክስ የሚነፋ ሚኒባስ ሆነ። ሥራ ስንይዝ ደግሞ አውቶቡስ ሆነ፤ «ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ» እያልን የምንሮጥለት። መኪና ለገዛ ወዳጃችን ሰርቪስ ዘይትና ፊልትሮ የሚቀየርበት ቀን ነው። ምግብ ቤት ገብቶ ሒሳብ ለጠየቀ ከደረሰኙ ግርጌ፣ ከቫቱ አጠገብ፣ 10 በመቶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከግል ድርጅት የለቀቀ ሰው «ሰርቪሴን ሰጡኝ» ሲል ደግሞ የስንብት ክፍያውን ማለቱ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ቃል ተሸክሞት ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ ይመላለሳል፤ ማንም ግራ ሲጋባ አላየሁም።

እንጀራዬ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መተርጎም ነው። በየሰነዱ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይኸው ቃል ነው፤ በገጠመኝ ቁጥርም ቆም ያደርገኛል። ስለ ብዙ ፍቺ ሲወራ ሰው የሚጠቅሰው ሌሎቹን ታላላቅ የእንግሊዝኛ ግሦች መሆኑን አውቃለሁ። «ሴት» የሚባለው፣ ከእኛዋ ሴት ጋር በድምፅ ብቻ የሚገናኘው ግሥ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመው የኦክስፎርድ ታላቁ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ወደ 430 የሚጠጉ ፍቺዎች ነበሩት። ከዚያ ወዲህ «ረን» የተባለው፣ መሮጥ ማለት የሆነው ግሥ፣ 645 ፍቺ ይዞ በልጦታል። እነዚህ ቁጥሮች ያስደንቃሉ፤ እኔን የሚይዘኝ ግን ሰው ያለበት ቃል ነው። «ሰርቪስ» ውስጥ ምን ጊዜም ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ይቀመጣል፣ ሌላው ይቆማል።

ሥሩ ላቲን ነው፤ «ሰርቩስ» ማለት ባሪያ። ከዚያ «ሰርቪቲዩም» መጣ፤ ባርነት ማለት ነው። ፈረንሳይኛ ተቀብሎት ለእንግሊዝኛ አሳለፈው፤ ዛሬም ሁለቱ ቋንቋዎች ቃሉን በአንድ ዓይነት ፊደል ይጽፉታል። የሚገርመኝ እንግሊዝኛ ውስጥ መጀመሪያ የገባበት በር ነው። ወደ 1100 እ.ኤ.አ. ገደማ ቃሉ እንግሊዝ አገር ሲገባ ይዞት የመጣው ትርጉም የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ነበር። ባርነት የነበረው ቃል ባሕር ተሻግሮ ቅዳሴ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጌታን ማገልገል፣ ንጉሥን ማገልገል፣ ገበታ ማቅረብ፣ ውትድርና፣ የመንግሥት ሥራ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ለተከሳሽ ማድረስ፣ ሙሉ የሻይ ዕቃ፣ በቴኒስ ጨዋታ የመጀመሪያዋን ኳስ መምታት፣ ሁሉም እየመጣ ተጠጋበት። በዚሁ ስም የሚጠራ ፍሬ የሚያፈራ የአውሮፓ ዛፍ እንኳ አለ፤ እሱ ግን ዝምድና የለውም። «ሶርቡስ» ከሚባል ሌላ የላቲን ቃል መጥቶ ድምፁ ብቻ የገጠመ እንግዳ ነው።

ዘመዶቹ እኛም ጋ አሉ። የፖሊስ ጣቢያው «ሳጅን» ማዕረጉ ከዚያው ከላቲኑ ግሥ «የሚያገለግል» ከሚለው የወጣ ነው። «ሚኒስትር»ም ሥሩ ሌላ ይሁን እንጂ በላቲን አገልጋይ ማለት ነበር፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ያን ስም ለታላላቅ መኳንንት ሰጡት። «ዲያቆን» ደግሞ በግሪክኛ አገልጋይ ነው። እንግዲህ ሳጅኑ፣ ሚኒስትሩና ዲያቆኑ በሦስት መንገድ መጥተው አንድ ትርጉም ላይ ይገናኛሉ፤ ሦስቱም ዛሬ የሚከበሩ ሰዎች ናቸው።

ይህ የፈረንጅ ቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለእንግሊዝኛው ቃል ብዛት የሚደነቅ አማርኛ ተናጋሪ ወደ ራሱ ቤት ገብቶ «ግብር»ን ያስብ። በግእዝ «ገብረ» አደረገ፣ ሠራ ማለት ነው፤ «ገብር» ደግሞ አገልጋይ፣ ባሪያ። ከዚያ ሥር «ተግባር» ወጣ፣ «ግብርና» ወጣ፣ «ገበሬ» ወጣ። ለባለ ርስቱና ለመንግሥቱ የሚከፍለው «ገባር» ወጣ። ለገቢዎች የምንከፍለው ግብር ከዚያው ነው። ቤተ መንግሥት ተጥሎ ሺህ ሰው ይበላበት የነበረው ድግስም «ግብር» ነው። ዛሬ አንድነት ፓርክ ገብቶ የምኒልክን የግብር አዳራሽ የጎበኘ ሰው ያቺ ሰፊ አዳራሽ ለምን በቀረጥ ስም እንደምትጠራ ጠይቆ ይሆናል። መልሱ ገበሬው ካስገባው ግብር ንጉሡ ግብር ያበላሉ የሚል ነው። የሚከፈለውም የሚበላውም አንድ ስም አለው፤ ምክንያቱም ያው እህል፣ ያው ማር፣ ያው በሬ ነው። አሁን ደግሞ ግብረ ገብ፣ ግብረ መልስ፣ ግብረ ኃይል፣ ግብረ አበር እያልን ቃሉን ከፍልስፍና እስከ ወንጀል አድርሰነዋል። ከልብ ያልሆነ ሥራን «ለግብር ይውጣ» የምንለው ደግሞ የግዴታን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሕዝብ የፈጠረው አነጋገር ነው።

ከዚህ ሁሉ የምወደው የክርስትና ስማችን ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ቄሱ ስም ያወጣሉ። ገብረ መስቀል፣ ገብረ ማርያም፣ ለሴት ደግሞ አመተ ማርያም፣ አመተ ሥላሴ። «አመት» በግእዝ ሴት አገልጋይ ናት፤ ገረድ ማለት ነው። ልጅ በተወለደ በሳምንታት ውስጥ «አንተ አገልጋይ ነህ»፣ «አንቺ ገረድ ነሽ» ይባላል፤ ዘመድ እልል ይላል፣ ማንም አይከፋውም። የማን አገልጋይ መሆኑ ስለተነገረ ነው። ያቺው አመተ ማርያም አድጋ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ብትመጣና ሰው ቤት ብትቀጠር፣ በዚያ ቤት «ገረድ» መባል ስድብ ይሆንባታል። ቃሉ ያው ነው፤ የተቀየረው ጌታው ነው።

ወደ ካዛንቺስ ልመለስ፤ ሰፈሩ ራሱ የዚህ ታሪክ አካል ነውና። ስሙ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው፤ «ካዜ» ቤቶች ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም ምሕጻረ ስም ነበር። በወረራው ዘመን ለፋሺስቱ አስተዳደር ሠራተኞች የተሠሩት ቤቶች ናቸው ለሰፈሩ ስም የሰጡት። ስለዚህ «ካዛንቺስ» ብሎ የሚጠራ ሁሉ፣ አወቀም አላወቀም፣ «የሲቪል ሰርቪስ ቤቶች» እያለ ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ ስሙ ቀረ። የመኪናውም ነገር እንዲሁ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ፊልትሮ የምንለው ከጣሊያን ወርሰን ነው፤ እነዚህን ሁሉ በየጊዜው ማየትና መጠገን ግን «ሰርቪስ» ተብሎ ቀረ። ጋራዥ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲነገር ሦስት አገር ይሰማል።

ከጣሊያን በኋላ ሰፈሩና አካባቢው በቪላ ተሞላ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አጠገባችን ሲከተም የውጭ አገር ሰው በዛ፤ ቤት የሚያከራይም በዛ። ያኔ ቪላ ሲሠራ ፕላኑ ላይ ከዋናው ቤት ተነጥሎ የሚሳል ነገር ነበር። ወጥ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ የዘበኛና የሠራተኛ መኝታ። ይህ ሁሉ በአንድ ቃል «ሰርቪስ» ተባለ። የሚያገለግለው ሰው፣ የሚሠራው ሥራ፣ ጭሱና የሽንኩርቱ ሽታ ከሳሎን ርቆ እንዲቀመጥ የተሠራ ቤት ነው። የግቢው አሠራር ስለ ባለቤቱና ስለ ሠራተኛው የሚያስበውን በግድግዳ ጽፎታል።

ከዚያ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። ከአንድ በላይ ቤት የነበረው አንዱን መርጦ ሌላውን አስረከበ። ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። በብዙ ግቢ ውስጥ ዋናው ቤት ለአንድ፣ ሰርቪሷ ለሌላ ቤተሰብ ደረሰች። እኔ ያደግሁት እንዲህ በሆነ ግቢ ውስጥ ነው፤ ለዘበኛ ታስባ በተሠራች ክፍል ልጆች ተወለዱባት፣ ተዳሩባት፣ ለቅሶ ተቀመጡባት። ከዋናው ቤት ልጆች ጋር አንድ ቧንቧ ቀዳን፣ አንድ ሽንት ቤት ተጠቀምን፣ በአንድ እድር ተቀባበርን። እኛ ልጆቹ ሰርቪስ የሚለው ቃል ከማገልገል ጋር ግንኙነት እንዳለው አስበን አናውቅም ነበር። «እነ እገሌ የት ናቸው?» «ሰርቪሱ ጋ ናቸው» ይባላል፤ አለቀ። ባርነት ማለት የነበረ ቃል በአንድ ትውልድ ውስጥ አድራሻ ብቻ ሆነ።

ኋላ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ተገለበጠ። ቪላ ያላቸው ባለቤቶች ኑሮ ሲከብድ ዋናውን ቤት ለድርጅት ወይም ለውጭ አገር ሰው አከራይተው ራሳቸው ሰርቪስ ገቡ። ቦሌም፣ ካዛንቺስም፣ ኡራኤልም ይህ የተለመደ ሆነ። ጋሼና እትዬ በጓሮ በር ይወጣሉ፤ ዋናው በር የተከራዩ ነው። ልጃቸው ሲያገባ ሌላ አንዲት ክፍል ትቀጠላለች፤ ሙሽሮቹ ኑሮን እዚያ ይጀምራሉ። ደላላ «ሰርቪስ አለኝ፣ ቆጣሪው የራሱ» ሲል ሦስት ቁም ነገር በአንድ ትንፋሽ መናገሩ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ከአከራይ ጋር ነው፣ መብራት ግን አያጣላችሁም።

አውቶቡሱ ሰርቪስ የተለየ ክብር አለው። ሥራ የሚፈልግ ሰው ከደመወዙ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ሰርቪስ አለው?» ብሎ ነው። ከተማው ወደ ዳር በተለጠጠ ቁጥር ጥያቄው እየከበደ ሄዷል። ጠዋት ለገሃርና ሜክሲኮ ላይ ቆሞ ላየ ሰው የሠራተኛ ሰርቪሶች ሲራገፉ የከተማው ሥራ ከየት ከየት ተሰብስቦ እንደሚመጣ ይታየዋል። በሰርቪስ ውስጥ መቀመጫው በልማድ የተያዘ ነው፤ ዕቁብ ይጣላል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ እርግዝና ከአለቃ በፊት እዚያ ይታወቃል። የመንግሥት ሠራተኛውን ጠዋትና ማታ በነጻ የሚያመላልሰው ተቋም በስሙ ውስጥ «የፐብሊክ ሰርቪስ ሠራተኞች» እና «የትራንስፖርት አገልግሎት» የሚሉትን ሁለቱንም ይዟል። ለቋንቋ ሰው ድግግሞሽ ነው፤ ለእኔ ግን ትክክል ነው የሚመስለኝ። ሰርቪሱ ሥራው ነው፤ አገልግሎቱ ደግሞ ሠራተኛው ራሱ በተራው የሚያገኘው ነው። ሰው ሲያገለግል የሚውልን ሰው የሚያገለግል አውቶቡስ።

እግረ መንገዴን አንዲት ደስ የምትል ነገር ልጥቀስ። አንዳንድ ካፌ በር ላይ «ሰልፍ ሰርቪስ» ተብሎ በአማርኛ ይለጠፋል። እንግሊዝኛው «ራስህን አስተናግድ» ነው የሚለው፤ አማርኛ አንባቢ ግን ሰልፍ ያዝ የሚል ነው የሚያነብበት፤ ገብቶ ካሸሩ ጋ የሚያገኘውም ሰልፉን ነው። ፒያሳ ቶሞካ ቆሞ ቡና የጠጣ ሰው መጀመሪያ ከፍሎ፣ ደረሰኝ ይዞ፣ ከዚያ ባንኮኒው ጋ መጠጋትን ያውቃል።

በትርጉም ሥራዬ ብዙ የማስብበት ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛው «ሰርቪስ» ሲል እኛ «አገልግሎት» እንላለን፤ ጥሩና የቆየ ቃል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «አገልጋይ» የሚባል ካህንም ሰንበት ተማሪም ኮርቶ ይቆማል። ችግሩ የመጣው ቢሮ ሲገባ ነው። «ማገልገል» የሚለው ግሥ ቀስ በቀስ ወጥቶ «አገልግሎት መስጠት» ተተካ። አገልግሎት ሰጪ፣ አገልግሎት ተቀባይ፣ አገልግሎት አሰጣጥ። በአማርኛ ሰጪ ከላይ ነው፣ ተቀባይ ከታች። የሚያገለግል ሰው ጎንበስ ይላል፤ የሚሰጥ ሰው እጁን ይዘረጋል፣ ካልፈለገም አይዘረጋም። ቃሉ ሲለወጥ የወንበሩ አቅጣጫ አብሮ ዞረ። ስለዚህ እኔ ሰነድ ስተረጉም በተቻለኝ መጠን ግሡን እመልሰዋለሁ። «ጽሕፈት ቤቱ ለነዋሪዎች አገልግሎት ይሰጣል» የሚለውን «ጽሕፈት ቤቱ ነዋሪዎችን ያገለግላል» እላለሁ። አንዳንድ አራሚ መልሶ ይቀይረዋል፤ እኔም በሚቀጥለው ሰነድ ያንኑ እጽፋለሁ። «ተገልጋይ» የሚለውን ቃል የወደድኩትም ለዚህ ነው፤ ከ«ባለጉዳይ» ይልቅ ወንበሩን ወደ ቦታው ይመልሳል። በ2017 ዓ.ም. ብዙ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበው ማዕከል «መሶብ» ተብሎ መሰየሙም የወደድኩት አጠራር ነው። መሶብ ፊት የሚቆም አሳላፊ ማን እንደሚያገለግል ያውቃል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ልቤ ውስጥ ያለውን ልናገር። ሰርቪስ የሚለው ቃል አዲስ አበባ ላይ ለክፍል፣ ለአውቶቡስ፣ ለዘይት ቅየራ፣ ለ10 በመቶ፣ ለስንብት ብር ስም ሆኗል። ለሰው ግን ስም ሆኖ አያውቅም። ማንንም «ሰርቪስ» ብለን አንጠራም። እንግሊዝኛው ቢያንስ ከዚያው ሥር ለአገልጋዩ ስም አውጥቶለታል፤ እኛ ቃሉን ከሰውየዋ ነጥለን ዕቃውን ብቻ ወሰድን። ክፍሏን «ሰርቪስ» አልናት፤ በክፍሏ የምታድረዋን ግን በየዘመኑ ስም ስንቀይርላት ኖርን፤ ገረድ፣ ሠራተኛ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ረዳት፣ አንዳንዴም «ልጅቷ»።

በግቢያችን ዋናው ቤት የምትሠራ፣ እኛ ልጆቹ እታለም የምንላት ሴት ነበረች። ጡት ሳይጥል ያገኘችውን የቤቱን ታናሽ ለዩኒቨርሲቲ አድርሳ ነው የወጣችው። እኛንም የሰርቪሱን ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጓሮ በር ላይ ጠርታ ቁራሽ ሳትሰጠን አታሳልፈንም ነበር። ስትሄድ ነጠላ ተገዛላት፣ የመሳፈሪያ ተሰጣት፣ ተለቀሰ። ፍቅሩ እውነት ነበር። ነገር ግን እሷ ያሳለፈችውን ያህል ዓመት በድርጅት ያገለገለ ሠራተኛ ከሕግ ውጪ ቢሰናበት የሚገባው ነገር በቁጥር የተጻፈ ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን ሲሶ፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ፣ ይላል። ይህን ነው ሰው «ሰርቪሴ» የሚለው። ያው አዋጅ ግን ትርፍ ለማግኘት ላልሆነ ዓላማ የሚደረግን የግል አገልግሎት ቅጥር ከወሰኑ ውጪ ያደርገዋል፤ እሱን የሚመለከት ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣል ብሎ ያልፋል። ዕድሜዋን በሰርቪስ ውስጥ በሰርቪስ የጨረሰች ሴት ሰርቪስ የላትም።

የቆየው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ረገድ ከሚታሰበው ይልቅ ልብ ያለው ነው። ከአሠሪው ጋር የሚኖርን የቤት ሠራተኛ በተለይ ያነሳል፤ አሠሪው በማደሪያው፣ በሥራና በእረፍት ሰዓቱ ረገድ የሠራተኛውን ጤናና ሞራል የሚጠብቅ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት ይላል። የሕጉ አርቃቂዎች ሰውየዋ የት ትተኛለች ብለው ጠይቀዋል ማለት ነው።

ያ ጥያቄ ዛሬ ከምን ጊዜውም በላይ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሰርቪሶቹ እየሄዱ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ቪላዎቹም ሰርቪሶቹም አብረው ወረዱ። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሄደ፤ ብዙው ኮንዶሚኒየም ገባ። ኮንዶሚኒየም ጓሮ የለውም። ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት መኝታ ነው፤ ሰርቪስ የሚባል ፕላኑ ላይ የለም። በጓሮ የነበረችው ሠራተኛ አሁን ማታ ማታ ፍራሿን ሳሎን ወይም ወጥ ቤት ዘርግታ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ታነሳዋለች። አሮጌዋ ሰርቪስ ጠባብ ነበረች፣ ታፈስ ነበር፤ ግን በር ነበራት፣ በሩም ከውስጥ ይቀረቀር ነበር።

በየሰማይ ጠቀሱ የሚሸጡት አዳዲስ አፓርታማዎች ማስታወቂያ ላይ ደግሞ አዲስ አባባል መጥቷል፤ «ባለ 3 መኝታ፣ ከነሠራተኛ ክፍሉ»። ሰርቪስ የሚለው ቃል ወጥቶ ሰውየዋ በስሟ ገባች። ይህን ለውጥ ከልቤ ወድጄዋለሁ፤ ቤት የሚገዙ ዘመዶቼ ፕላን እንድነግራቸው ሲጠሩኝም መጀመሪያ የማየው እሷን ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ የምትገኘው ከወጥ ቤቱ አጠገብ፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን በሚቆምበት ጥግ ነው። አልጋ ከገባ በሩ ሙሉ የማይከፈትበት አይቻለሁ። መስኮቱ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ኮሪደር የሚከፈትበትም አለ። ሻጮቹን «ይህ ለሰው ነው ለዕቃ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ዘመዶቼንም ይህን ሳትጠይቁ ቀብድ አትክፈሉ እላቸዋለሁ። የ1952ቱ ሕግ ስለ ማደሪያ የተናገረው ለዚህች ክፍልም ነው።